ጭድን የተመነው ንጉሠ ነገሥት

ከ1,700 ዓመት በፊት አንድ ንጉሠ ነገሥት የጭድ ዋጋ ተመነ።

ጭድ ብቻ አይደለም። ስንዴ፣ ገብስ፣ ዘይት፣ ሥጋ፣ ጫማ፣ የፀጉር አስተካካይ ሒሳብ፣ የአህያና የግመል ጭነት ኪራይ፣ የአስተማሪ ክፍያ፣ የጠበቃ አበል… በድምሩ ከ1,200 የሚበልጡ ዕቃዎችና አገልግሎቶች ከተቆረጠላቸው ዋጋ በላይ እንዳይሸጡ አዋጅ አወጣ። ከተመኑ አልፎ የሸጠ፣ ተስማምቶ የገዛ፣ ዕቃ የደበቀ ሁሉ ቅጣቱ ሞት ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 301። አገሩ ሮም። ሰውዬው ዲዮቅልጥያኖስ።

ስሙ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይሆንም። ስንክሳር ሲነበብ የሰማ ሁሉ ሰማዕታትን የፈጀ ጨካኝ ንጉሥ አድርጎ ያውቀዋል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምራል፤ «ዓመተ ሰማዕታት» የሚባለው ቆጠራ የሚነሳው እሱ ከነገሠበት እ.ኤ.አ. ከ284 ነው። ከዓመተ ምሕረቱ ላይ 276 ቀንሱ፣ ዓመተ ሰማዕታት ይመጣላችኋል። 2017 ዓ.ም. 1741 ዓመተ ሰማዕታት ነበር። አንድ የሮም ንጉሥ እስከ ዛሬ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

ገበያ የገባውን ዲዮቅልጥያኖስን ግን ያወቅኩት ስድስት ኪሎ ነው። የተማርኩት ታሪክ ነው፤ ከኮርሶቹ አንዱ የጥንቱ ዓለም ታሪክ ነበር። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ትምህርት ነው። «ሮምን መማር ለኢትዮጵያዊ ምን ይጠቅመዋል?» የሚለው ጥያቄ ያኔ ለእኔ ይቀርብ ነበር፤ ዛሬ ለታሪክ ትምህርት ክፍሎች በሙሉ እየቀረበ ነው። እኔ መልሱን ያገኘሁት ከሰፈሬ ከጭድ ተራ ነው።

*

መጀመሪያ ጥያቄውን እናክብረው።

ያደግኩት መርካቶ፣ ጭድ ተራ ነው። አባቴ ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ ነበረው፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ሻማ። ታሪክ እንደደረሰኝ ስነግረው ዝም አለ። ሮምን እየተማርኩ መሆኑን ሲሰማ ግን ዝም አላለም። «ጣሊያን ሁለት ጊዜ መጥቶብናል። አሁን ደግሞ አንተ ልትሄድላቸው ነው?» አለኝ።

ቀልድ ነው። ግን ባዶ ቀልድ አይደለም። ሙሶሊኒ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ሮም ላይ ሰገነት ወጥቶ የሮም ግዛተ ነገሥት ተመለሰ ብሎ ያወጀው አዲስ አበባ በተያዘች በአራተኛው ቀን ነው። መርካቶም የዚያ ዘመን ልጅ ናት። ትልቁ ገበያ ቀድሞ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያኖች ከተማዋን ለነጭና ለጥቁር ሊከፍሏት ሲያቅዱ «የአገሬው ሰው ገበያ» ብለው ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፉት። ስሙም የጣሊያንኛ ነው፤ ገበያ ማለት ነው፤ ሥሩ ላቲን። እንግዲህ የመርካቶ ሰው ሮም ስትባል ፊቱን ቢያጨማድድ ምን ይገርማል?

ነገር ግን ፋሺስት የወሰደው ሮም ንስሩን፣ ሰልፉንና ዓምዱን ብቻ ነው። በትምህርት የምታገኙት ሮም ውስጥ ባሪያ አለ፣ ዳቦ ጋጋሪ አለ፣ አህያ ነጂ አለ፣ በአራጣ የሚያበድር አለ፣ ኪራይ ያቃተው ተከራይ አለ። እኛም አለን። በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ጋር በሚገጥም ጊዜ፣ እንዱቢስ የተባለው የአክሱም ንጉሥ የወርቅ ሳንቲም አስቀረጸ። ጽሑፉ በግሪክኛ ነው፤ ክብደቱ የሮምን መለኪያ የተከተለ ነው። በአዶሊስ ወደብ በኩል ከሮም ዓለም ጋር ለሚገበያይ መንግሥት ይህ የሚጠበቅ ነው። ዛሬም ወርቅ ቤት ገብታችሁ «ወቄት» ስትሉ፣ በግሪክና በዐረብኛ አልፎ እኛ ዘንድ የደረሰ የሮማውያን የሚዛን ስም ነው የምትጠሩት።

ሮም የጣሊያን የግል ንብረት አይደለችም። የአባቴ ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ መልሱም ይኸው ነው።

*

አሁን ወደ አዋጁ እንመለስ።

አዋጁ የተጻፈው ድንጋይ ላይ ነው። ቁርጥራጩ ግሪክና ቱርክ ውስጥ በብዙ ቦታ ተገኝቷል። አይዛኖይ በምትባል የቱርክ ጥንታዊ ከተማ ክብ የገበያ ሕንፃ ግድግዳ ላይ እንደተቀረጸ ዛሬም ይታያል። አስቡት፤ ሸማች ቆሞ እያነበበ፣ ነጋዴ ከሥሩ ዕቃውን ዘርግቶ።

ስለ ሮም ኅብረተሰብ ከዚህ ዝርዝር የተሻለ መምህር አላገኘሁም። የጦር አዛዦችን ታሪክ ማንም ይጽፈዋል። የፍሳሽ ቦይ ጠራጊን ደመወዝ ግን ማን ይጽፋል? አዋጁ ጽፎታል፤ በቀን 25 ዲናር ከነምግቡ። የእርሻ የቀን ሠራተኛም እንዲሁ 25 ከነምግቡ። ዳቦ ጋጋሪ 50። ፀጉር አስተካካይ ከአንድ ሰው 2 ዲናር። ፊደል የሚያስቆጥር አስተማሪ ከአንድ ልጅ በወር 50 ዲናር። ጠበቃ ለአንድ ጉዳይ ክርክር 1,000 ዲናር።

ሒሳቡን ሥሩት። አስተማሪው የቀን ሠራተኛውን የወር ገቢ ለማግኘት 15 ልጆች ማስተማር አለበት፤ ያውም ምግቡን ራሱ ችሎ። የቀን ሠራተኛው ደግሞ ጠበቃ ሊያቆም ከፈለገ የ40 ቀን ደመወዙን ያወጣል። ይህን ያየ ሰው በሮም ፍትሕ ለማን ቅርብ፣ ለማን ሩቅ እንደነበረ ለመገመት የሕግ መጽሐፍ አያስፈልገውም።

የዚያን ሰሞን ቅዳሜ ሱቅ ውስጥ አባቴን እያገዝኩ ይህን አወራሁት። ሮምን ንቆ ይሰማኝ የነበረው ሰው ወንበሩን አቀረበ። የሥጋውን ዋጋ ጠየቀኝ። የጫማውን ጠየቀኝ። ጭድ እንዳለበት ስነግረው ሳቀ። ከዚያ «ተመኑ ለየትኛው ከተማ ነው?» አለ።

«ለሁሉም። ለመላው ግዛት አንድ ነው» አልኩት።

«እና ጭነቱን ማን ሊከፍል ነው?»

ወዳጆቼ፣ ይህ ጥያቄ የሮምን ኢኮኖሚ ያጠኑ ሊቃውንት አዋጁ ላይ ከሚያነሷቸው ዋና ጥያቄዎች አንዱ ነው። አባቴ የተማረው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ግን ዕድሜውን ሙሉ ዕቃ አስጭኖ አራግፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንዴ የሚመረትበትም፣ ስንዴ የሚራብበትም አገር ጣሪያው አንድ ከሆነ፣ ከዚያ ወደዚህ የሚያጓጉዘው ነጋዴ የሠረገላውን ኪራይ ከየት ያመጣል? ኪራዩም በአዋጁ ተጽፏል፤ 1,200 የሮም ፓውንድ የጫነ ሠረገላ በአንድ የሮም ማይል 20 ዲናር፣ 600 ፓውንድ የጫነ ግመል 8 ዲናር። ኤ. ኤች. ኤም. ጆንስ የተባሉ እንግሊዛዊ የታሪክ ሊቅ በዚህ መሠረት ሲያሰሉ፣ የሠረገላ ስንዴ 300 ማይል ሲጓዝ ዋጋው በእጥፍ ያድጋል። አዋጁ ግን ነጋዴው ጣሪያውን እንዳያልፍ ይላል። ታዲያ ማን ይጭናል? ስንዴው ከተመረተበት አይንቀሳቀስም።

*

አዋጁ መግቢያ አለው። ረጅም ነው፣ ቁጣ የተሞላ ነው። ዋጋው የተወደደው በስግብግቦች ምክንያት ነው ይላል። ወታደሩ ደመወዙንና ጉርሻውን በአንድ ግዢ ይጨርሳል፤ ሕዝብ የከፈለው ግብር መጨረሻው የዘራፊዎች ኪስ ሆነ ይላል። ቋንቋውን ዘመናዊ አድርጋችሁ ብታነቡት ትናንት ማታ የተሰጠ መግለጫ ይመስላችኋል።

መግቢያው የማይናገረው ነገር ደግሞ አለ። የሮም የብር ሳንቲም በአውግስጦስ ዘመን ንጹሕ ብር ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. 270 አካባቢ በብር ስም የሚወጣው ዋና ሳንቲም ውስጥ የነበረው ብር ከመቶ አምስት እጅ አይሞላም። ነገሥታቱ ለጦርነት ገንዘብ ሲያጥራቸው መዳብ እየቀላቀሉ አበዙት። ዲዮቅልጥያኖስ ራሱ ሠራዊቱን አበዛ፣ ሥልጣኑን ለአራት ገዢዎች ከፈለ፣ ክፍለ ሀገሮቹን ቆራርሶ ቁጥራቸውን በእጥፍ አሳደገ። ይህ ሁሉ ደመወዝ ይፈልጋል፤ ደመወዙ ሳንቲም ይፈልጋል። በአዋጁ ግን ጥፋተኛው አንድ ብቻ ነው፤ ነጋዴው።

ታዲያ አዋጁ ምን አመጣ? እዚህ ላይ ነው ትምህርቱ ሰው የሚያደርገው።

በዘመኑ የነበረ ላክታንጥዮስ የተባለ ጸሐፊ ይመልስልናል። በጥቃቅን ዕቃ ደም ፈሰሰ፣ ከፍርሃት የተነሳ ዕቃ ከገበያ ጠፋ፣ ውድነቱ ባሰ፣ በመጨረሻም ሕጉ ራሱ ቀረ ይላል። ይህን ያነበበ ሁሉ «ይኸው! የዋጋ ተመን አይሠራም» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል።

የታሪክ ተማሪ ግን አይዘጋም። ላክታንጥዮስ ማነው? በዲዮቅልጥያኖስ ጥሪ ኒቆሜድያ ከተማ የንግግር ጥበብ ሊያስተምር የመጣ፣ በስደቱ ዘመን ቦታውን ያጣ ክርስቲያን ነው። መጽሐፉን የጻፈው አሳዳጆቹ ነገሥታት እንዴት ክፉ ሞት እንደሞቱ ለማሳየት ነው። ባለቂም ምስክር ነው። ቂም ያለው ሰው ይዋሻል ማለት አይደለም፤ ግን ቃሉን ብቻውን አትቀበለውም።

ስለዚህ ሦስተኛ ምስክር ይፈለጋል። እሱም ግብፅ ውስጥ ተገኘ። የግብፅ ደረቅ አሸዋ ብዙ ሺህ ፓፒረሶችን ጠብቆ አቆይቷል፤ የሽያጭ ውል፣ የግብር ደረሰኝ፣ የግል ደብዳቤ፣ የቤት ወጪ ዝርዝር። ለታሪክ ብለው የተጻፉ አይደሉም፤ ማንንም ለማወደስም ሆነ ለመክሰስ አልተጻፉም። እነሱ ከአዋጁ በኋላም ዋጋ እየወጣ መሄዱን ያሳያሉ። አዋጁ ዋጋውን አላቆመውም። በየገበያው ደም ስለመፍሰሱ ግን የላክታንጥዮስን ቃል ያህል የጮኸ ሌላ ማስረጃ የለም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል አገሬው። የንጉሡ ቃል፣ የጠላቱ ቃል፣ የነጋዴው ደረሰኝ። ሦስቱን ጎን ለጎን ማንበብ፤ ሮምን የተማርኩት ለዚህ ነው።

*

እኛም አገር ይህ ነገር ደርሶብናል። ሩቅ ሳንሄድ በ2003 ዓ.ም. መንግሥት ከደርዘን በላይ በሆኑ መሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ከትምህርት መልስ ሱቅ እቀመጣለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ። የስኳርና የዘይት ሰልፍ ረዘመ። በተመኑ የሚያስረክብ አከፋፋይ ጠፋ። አባቴ ያለውን በተመኑ ሸጦ ሲጨርስ፣ መደርደሪያው ላይ የቀረው ያልተተመነው ዕቃ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ጣሪያው ከአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ ተነሳ።

ይህ ታሪክ የነጋዴ ልጅ ታሪክ ነው። እኔም በበኩሌ ላክታንጥዮስ ነኝ ማለት ነው። ስለዚህ አባቴን ጠየቅኩት። «ያኔ ዕቃ የደበቀ አልነበረም?» ዝም ብሎ ቆየና «ነበረ እንጂ። ነገ ይወደዳል ብሎ ያሰበ ሁሉ ደብቋል» አለኝ። ስም ግን አልጠራልኝም፤ እኔም አልጎተጎትኩትም።

እንግዲህ ሁለቱም እውነት ነው። የገንዘቡ አቅም ሲወርድ ዋጋ ይወጣል፤ ዋጋ ሊወጣ ነው ብሎ የሚደብቅም አለ። ጥያቄው የትኛው ምን ያህሉን ይሸከማል የሚለው ነው። ይህን ደግሞ በጩኸት አታውቀውም፤ በመዝገብ ነው የምታውቀው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ዋጋ በቀናት ውስጥ ዘለለ። መግለጫው ወጣ፤ ያለአግባብ ዋጋ የጨመሩ የተባሉ ሱቆች ታሸጉ። ኅዳር 2017 ላይ በደረሰኝ ቁጥጥር ምክንያት መርካቶ ውስጥ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ዋሉ። በሁለቱም ጊዜ ማኅበራዊ ሚዲያው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ነጋዴው ሌባ ነው» አለ። ሌላው «መንግሥት ነው ሌባው» አለ። የንጉሡ ቃልና የላክታንጥዮስ ቃል እንደገና ተፋጠጡ።

ሦስተኛው ምስክር የታለ? ከሞጆ እስከ መርካቶ ጭነት ስንት ሆነ? በየኬላው ስንት ተከፈለ? አስመጪው ዶላሩን በስንት ገዛ? አከፋፋዩ በስንት አስረከበ? ቸርቻሪው ኪራይ ስንት ተጨመረበት? ይህን የሚሰበስብ፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው ያስፈልገናል። ጥቂት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይሞክራሉ። ሰነድን መጠራጠር፣ ማን ጻፈው ለምን ጻፈው ማለት ግን መጀመሪያውኑ የታሪክ ሙያ ነው።

*

አንድ ነገር ልጨምር፤ የሮም ታሪክ በአዋጁ አላበቃምና።

ከዲዮቅልጥያኖስ በኋላ የነገሠው ቆስጠንጢኖስ አዲስ የወርቅ ሳንቲም አወጣ። ከአንድ የሮም ፓውንድ ወርቅ 72 ሳንቲም ይቀረጻል። ይህ ሳንቲም ለብዙ መቶ ዓመታት ክብደቱንና ጥራቱን ጠብቆ ቆየ። በብዙ መጻሕፍት «ገንዘቡ ተረጋጋ» ተብሎ ይወደሳል። እውነት ነው፤ ለማን ተረጋጋ ብላችሁ ከጠየቃችሁ ግን ታሪኩ ይለወጣል። ወርቁ የባለሥልጣኑ፣ የባለመሬቱና የወታደሩ ነበር። ዳቦ የሚገዛው ሕዝብ የያዘው የመዳብ ሳንቲም ከወርቁ አንጻር መውረዱን ቀጠለ። በወርቅ የሚያስቀምጥ ዳነ፤ በመዳብ የሚከፈለው አልዳነም።

ዛሬ ዶላር ያለውና ደመወዙን በብር የሚቀበለው ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር እኩል አያነቡትም። እኔ ሮምን ባልማር ኖሮ «ተረጋጋ» የሚለውን ቃል ስሰማ «ለማን?» ብዬ አልጠይቅም ነበር።

*

ወደ መጨረሻው ጉዳይ ልምጣ።

ሰባ በመቶ ለተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶ ለማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው የቅበላ ቀመር ከመጣ ወዲህ ታሪክ የሚማር ወጣት ቁጥሩ አሽቆልቁሏል። ታሪክ ደረሰኝ የሚል ልጅ ቤተሰቡ ፊት አንገቱን ይደፋል። «ሥራ የለውም» ይባላል። ሥራው ጠባብ መሆኑን አልክድም፤ እኔም ዛሬ የምተዳደረው በሌላ ሙያ ነው። የጥንቱ ዓለም ታሪክ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ የሚመታ ነው። «የራሳችንን ሳንጨርስ የሮምን?» ይባላል።

ግን የራሳችንን እንዴት ነው የምንጨርሰው? የአክሱምን ሳንቲም ለማንበብ ግሪክኛ ያስፈልጋል። ስለ አዶሊስ የጻፉት የግሪክ ነጋዴዎችና ተጓዦች ናቸው። ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ ስለ አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና የጻፈው ደብዳቤ የደረሰን በግሪክኛ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ፍሬምናጦስ አክሱም እንዴት እንደደረሰ የተረከው ሩፊኖስ የጻፈው በላቲን ነው። ሮምን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ከሌለ የራሳችንን የመጀመሪያ ምዕራፍ ሌሎች ተርጉመው እስኪሰጡን መጠበቅ አለብን። ከዚያ ደግሞ «ታሪካችንን ፈረንጅ አበላሸብን» እንላለን።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። አንደኛ፣ ልጃችሁ፣ እህታችሁ፣ የሰፈር ልጅ «ታሪክ ደረሰኝ» ካላችሁ አታስደንግጡት። ምን እየተማረ እንደሆነ ጠይቁት። አባቴ አንድ ቅዳሜ ጠይቆኝ የሰጠኝ ጥያቄ ከብዙ ሃንዳውት በልጦብኛል።

ሁለተኛ፣ ነጋዴ የሆናችሁ፣ ሾፌር የሆናችሁ፣ ሒሳብ ሠራተኛ የሆናችሁ፣ የቤት ወጪ በደብተር የምትይዙ እናቶች፣ አሮጌ ደረሰኝና ደብተራችሁን አትጣሉ። የ2003ቱን፣ የ2016ቱን፣ የዘንድሮውን አስቀምጡ። መግለጫዎቹ በማኅደር ይቀመጣሉ። የተቃዋሚዎቹም ጽሑፍ ይቀመጣል። የስኳር፣ የዘይትና የጭነት ዋጋ በእጅ የተጻፈበት ደብተር ግን ከእናንተ በቀር ጠባቂ የለውም፤ እንደ ግብፅ አሸዋ ወረቀት የሚያቆይ መሬትም መርካቶ ውስጥ የለንም።

ሰላም ቆዩ።